የጃዕፈር ልጆች፦ የቲምን የማሳደግ ታሪክ ከመዲና እስከ እኛ ዘመን

 

ውድ አንባቢ! የጁሙዓ ሰላት አብቅቶ በመስጊዱ በር ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ለየቲሞች ሲሰበሰብ፣ ከኪስዎ ያለውን ጣል አድርገው ይወጡ ይሆናል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ዳሩ ግን አንድን ልጅ በስሙ ይዞ፣ ወር በገባ ቁጥር ቀለቡንና የትምህርት ቤቱን ወጪ መሸፈን፣ ይህንንም ልጁ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ሳያቋርጡ መዝለቅ ሌላ ሥራ ነው። ፊተኛው ሰደቃ ይባላል፤ ኋለኛው በሸሪዓችን ከፋላ ሲባል ይህን ኃላፊነት የሚሸከመው ሰው ደግሞ ካፊል ይባላል። በየሰፈሩና በየመስጊዱ አነስተኛ የየቲም መርጃ ማኅበር በተቋቋመ ቁጥር ከምእመናን ዘንድ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። የምሰጠው ገንዘብ በእርግጥ ልጁ ዘንድ ይደርሳልን? ለአንድ ልጅ ለይቼ ልስጥ ወይስ በጋራ ሣጥን ይግባ? ልጁ ከእናቱ ጋር ይኑር ወይስ ወደ ማሳደጊያ ይሂድ? እነዚህ ጥያቄዎች ትናንት የተወለዱ ይመስሉናል። የታሪክ መጻሕፍትን ስንገልጥ ግን ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በፊትም ተጠይቀው እናገኛቸዋለን። ከሁሉም በፊት የምናገኛቸው ደግሞ በሐበሻ ምድር በተወለዱ ልጆች ቤት ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም እንደነበሩ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አባታቸው ዐብዱላህ ሳይወለዱ ሞተ፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚናህ አብዋእ በተባለ ስፍራ ሞተች። ከዚያ ስፍራ እጃቸውን ይዛ ወደ መካ የመለሰቻቸው በረካህ ወይም ኡሙ አይመን የተባለች ሐበሻዊት ሴት ነበረች። ወንድ አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ በስምንት ዓመታቸው ሲሞት አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከባቸው። አቡ ጧሊብ ሀብታም አልነበረም፤ የራሱም ልጆች ብዙ ነበሩ። የቲም ማሳደግ የባለጸጋ ሥራ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ ቤት በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ ጃዕፈር እንመለስ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና የተናገረው ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተጀመረው ስደት አንሥቶ እስከ ሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እስከ 628 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በአገራችን ኖሯል። ሚስቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደችለት፤ ዐብዱላህ፣ ሙሐመድና ዐውን ይባላሉ። ሦስቱም የተወለዱት በሐበሻ ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና የተመለሰው የኸይበር ዘመቻ ድል በተገኘበት ሰሞን ሲሆን፣ ልጆቹ አዲሱን አገራቸውን ገና ሳይለማመዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ629 እ.ኤ.አ. አባታቸው በሙእታ ጦርነት ላይ ሰማዕት ሆነ። ሁለት እጆቹ ተቆርጠው ሳለ ባንዲራውን አልለቀቀም።

አንባቢ ሆይ! ከዚህ በኋላ የሆነውን የዘገቡልን አስማእና ትልቁ ልጇ ዐብዱላህ ናቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤቷ ሲመጡ አስማእ ሊጡን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ጨርሳ ነበር። ልጆቹን አምጪልኝ አሏት፤ አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አዘነበ። እርሷም ነገሩ ገባት። ከዚያም ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ሠርቶ መውሰድ ሱና የሆነው ከዚህ ነው። በአገራችን ጎረቤት ለለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ይዞ የሚሄድበት ልማድ ከዚህ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይበሉ።

ሦስት ቀን አለፈ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተመልሰው መጡና ከዛሬ በኋላ ለወንድሜ አታልቅሱ አሉ፤ ልጆቹን አስጠሩ። ዐብዱላህ ሲያስታውስ እኛ ያን ጊዜ እንደ ጫጩት ነበርን ይላል። ፀጉር የሚላጭ ሰው ተጠርቶ የሦስቱም ራስ ተላጨ። ሙሐመድ አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ዐብዱላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እርሳቸውን ራሳቸውን እንደሚመስል ነገሯቸው። የዐብዱላህንም እጅ ይዘው ከፍ አድርገው በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። እናታቸው የልጆቿን የቲምነት እያነሣች ስታማርር፣ በዚህ ዓለምም በሚቀጥለውም ኃላፊያቸው እኔ ሆኜ ሳለ ስለ ድህነታቸው ትሰጊያለሽን የሚል መልእክት ያለው መልስ ሰጧት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ልጆቹ ከእናታቸው አልተነጠሉም። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አለች። ስለዚህ ካፊል የሚረዳው ብዙውን ጊዜ እናት ያለችውን ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ለልጁ የተደረገለት ዱዓ ስለ ዳቦ ብቻ ሳይሆን ስለ ንግዱ ነበር። ልጁ አድጎ ሰጪ እንዲሆን ታስቦ ነበር ማለት ነው። እንደታሰበውም ሆነ፤ ዐብዱላህ ኢብኑ ጃዕፈር ካደገ በኋላ በመዲና እጅግ ባለጸጋና በቸርነቱ የታወቀ ሰው ሆኗል። ሦስተኛውን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን አናስተውለውም፤ የራስ ፀጉር ማስላጨት የመሰለ ትንሽ ጉዳይ እንኳ አልተዘነጋም።

የአስማእ ቤት ታሪክ በዚህ አያበቃም። ከጃዕፈር በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ.) አገባትና ሙሐመድ የተባለ ልጅ ወለደችለት። አቡበክር በ634 እ.ኤ.አ. ሲሞት ይህ ልጅ ገና ዳዴ የሚል ነበር። ቀጥሎ ዐሊ (ረ.ዐ.) አገባትና ልጁን በቤቱ አሳደገው። ሙሐመድ ኢብኑ አቢ በክር በ658 እ.ኤ.አ. በግብጽ ሲገደል ደግሞ የእርሱ ልጅ አልቃሲም የቲም ሆነ። አልቃሲምን ያሳደገችው አክስቱ የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነበረች። ይህ አልቃሲም ከሰባቱ የመዲና ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ ለመሆን በቃ። ከዓኢሻ ብዙ ሐዲስ ያስተላለፈልን እርሱ ነው። ከሐበሻ በመጣች አንዲት እናት ዘር ውስጥ የቲምነት ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ ገባ፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚቀበል ቤት ተገኘ።

አልቃሲም በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ ስለ ዓኢሻ አያያዝ የነገረን ነገር ለእኛ ዘመን ማኅበራት ትልቅ ቁም ነገር አለው። እርሷ ዘንድ ያደጉት የቲሞች የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው፤ እርሷም ከገንዘቡ ዘካውን ታወጣ፣ ለሚነግድላቸውም ሰው ትሰጥ ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ.) የየቲምን ገንዘብ ነግዱበት፣ ዘካ እንዳይጨርሰው የሚል ትርጉም ያለው ምክር መስጠቱ በዚያው ኪታብ ተዘግቧል። (በየቲም ገንዘብ ላይ ዘካ አለ ወይ በሚለው የሐነፊ ዑለማዎች እንደሚለያዩ አውቃለሁ፤ ይህን ለኡስታዞቻችን እተወዋለሁ። እኔ የምለው ገንዘቡ ተኝቶ እንዳያልቅ ይታሰብለት እንደነበር ነው።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ለየብቻ ወይስ በጋራ? የየቲምን ገንዘብ መብላት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የሚገልጹት አንቀጾች በወረዱ ጊዜ፣ የቲም የሚያሳድጉ ሶሓቦች ደንግጠው የልጁን ምግብ ከራሳቸው ምግብ፣ መጠጡንም ከመጠጣቸው ለዩ። ልጁ በልቶ የተረፈውን የሚነካ ሰው ጠፋ፤ ምግቡ እስኪበላሽ ወይም ልጁ ተመልሶ እስኪበላው ይቀመጥ ጀመር። ይህም ከበዳቸው፤ ለነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። የሱረቱ አል-በቀራ አንቀጽ 220 የወረደው በዚህ ምክንያት መሆኑን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘግቧል። አንቀጹ በማዕድ መቀላቀልን ፈቀደ፤ አጥፊውንና አስተካካዩን ግን አላህ እንደሚያውቅ አሳሰበ። እንግዲህ ጥንቃቄ ራሱ ልጁን እስኪያገልለው ድረስ ሊደርስ እንደሚችል እንመለከታለን። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ለብቻው በሰሐኑ የሚበላ ልጅ በምን ዓይነት ስሜት እንደሚያድግ ለመገመት አያስቸግርም።

የዘር ሐረግን በተመለከተ ሱረቱ አል-አሕዛብ ቁርጥ ያለ ወሰን አድርጓል። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ የሙሐመድ ልጅ መባሉ ቀርቶ በአባቱ ስም እንዲጠራ ተደረገ። ስለዚህ ከፋላ የልጁን አባት ስም አይነጥቅም፤ ካፊሉ ያሳድጋል እንጂ አባት ነኝ አይልም። በአገራችን ጉዲፈቻ በሰፊው የተለመደ በመሆኑ ይህ ነጥብ በየጊዜው ክርክር ያስነሣል። የውጭ አገር ጉዲፈቻን የኢትዮጵያ ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. እንደከለከለ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ልጅን በአገሩ፣ በዘመዶቹ መካከል መርዳት ከፊተኛው የበለጠ የእኛው ሸክም ሆኗል።

ከሶሓቦች ዘመን በኋላ የነበሩትን ብዙ መቶ ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። ወቅፍ እየተስፋፋ ሲሄድ የቲሞችን ማስተማር የወቅፍ ዋና ሥራ ሆነ። በማምሉኮች ዘመን በካይሮ፣ በ1285 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የሱልጣን ቀላውን ግቢ ውስጥ፣ ከታዋቂው ሆስፒታል ጎን የየቲሞች መክተብ ነበር። በዚያ ዘመን በወቅፍ የሚተዳደሩ መክተቦች ለልጆቹ ቁርኣንና ጽሕፈት ከማስተማር ሌላ ዳቦና ልብስ ይሰጡ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የሱልጣኖችና የአሚሮች ሥራ ነው፤ እኛ የምንፈልገው እንደ እኛ ያሉ ሰዎች የሠሩትን ነው።

ለዚህ የሚስማማው የኢስታንቡል ታሪክ ነው። በ1863 እ.ኤ.አ. ዩሱፍ ዚያ የተባለ የመንግሥት ሹምና ጥቂት ባልንጀሮቹ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ ያሰቡት የቲሞችን አልነበረም። በታላቁ የከተማው ገበያ ውስጥ በየሱቁ የሚሠሩትን፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉትን የእጅ ሥራ ተማሪዎች ሰብስበው ማስተማር ነበር። አስተማሪዎቹ በነፃ ያስተምሩ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1873 እ.ኤ.አ.፣ ያው ማኅበር አባት ለሌላቸው ድሃ ልጆች ዳሩሽሸፈቃ፣ ማለትም የርኅራኄ ቤት፣ የተባለውን አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከቀድሞዎቹ ተመራቂዎች ብዙዎቹ በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ሳሊህ ዘኪም የዚህ ቤት ልጅ ነበር። የዑስማኒያ መንግሥት ወደቀ፤ ኸሊፋነት ቀረ፤ ፊደሉ እንኳ ተለወጠ፤ ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶች ልጆችንም ይቀበላል። ይህን ያህል ያቆመው በየጊዜው በሰዎች የሚሰጠው መዋጮና ኑዛዜ ነው። በእኔ አስተያየት ከታላላቅ ሱልጣኖች ሕንፃ ይልቅ ይህ ቤት ሊጠና ይገባዋል፤ ምክንያቱም የጀመሩት ሰዎች በመጀመሪያ የነበራቸው ጊዜያቸውና እውቀታቸው ብቻ ነበር።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ደግሞ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ነው። በዚያ ወቅት በአገራችንና በሱዳን የደረሰውን ረኃብ ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢያን ያለ እኔ ነጋሪነት ያውቁታል። በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ይማር የነበረ ዶክተር ሃኒ አልበና የተባለ ግብጻዊ ሐኪም ወደ ሱዳን ሄዶ ረኃቡን አየ። ሲመለስ ከተማሪ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በየመስጊዱና በየቤቱ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። የመጀመሪያው መዋጮ ከቤተሰቡ የሆነ አንድ ትንሽ ልጅ የሰጠው 20 ፔንስ ነበር። የመጀመሪያው ሥራቸውም በሱዳን አንድ የዶሮ እርባታ መርዳት ነበር። ኢስላሚክ ሪሊፍ የተባለው ድርጅት እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ይሠራል፤ አገራችንም ከእነርሱ አንዷ ናት። የቲሞችን በስም ለይቶ በካፊሎች ማሳደግም ከታወቀባቸው ሥራዎች ዋነኛው ነው።

ከሃይማኖታችን ውጭ ስላሉ ሰዎችም እውነቱን መናገር ይገባል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በረኃቡ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር ከሃያ አለፈ። ቤተሰባቸው ወይ እኛን ወይ ልጆቹን ምረጪ ሲላቸው ልጆቹን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስኪሞቱ ድረስ ያቆሙት ድርጅት እጅግ ብዙ ልጆችን አሳድጓል። ፈቃድና በጀት እስኪመጣ ድረስ አልጠበቁም።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ስለ መልካሙ ብቻ ብጽፍልዎ ጥያቄዎን ሳልመልስ እቀራለሁ። ቺካጎ ትሪቡን የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በ1998 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ ጋዜጠኞቹ ማንነታቸውን ሳይገልጹ በትልልቅ ድርጅቶች አማካይነት ልጆችን ረዱ። ቆይተውም እነዚህን ልጆች ፍለጋ በየአገሩ ወጡ። አንዳንዶቹ ልጆች ይህ ነው የሚባል እርዳታ አላገኙም ነበር። በማሊ የነበረች አንዲት ልጅ ደግሞ ቀደም ብላ ሞታ ሳለ፣ በሕይወት እንዳለች የሚያስመስል መልእክት ለረጂዋ ሲደርስ ቆይቷል። ይህ በዓለም ላይ ብዙ ወሬ አስነሣ። ጉድለቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ በእኔ ግምት ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። ገንዘቡ ብዙ እጅ አልፎ ሲሄድ፣ የልጁን ቤት የሚያውቅ ሰው ከሪፖርት ጸሐፊው እየራቀ ይሄዳል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ገንዘቡን በጋራ ለመንደሩ ትምህርት ቤትና ለውኃ ጉድጓድ ያውሉት ነበር። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ለረጂው ሌላ ነገር ነግሮ ሌላ መሥራት ነው።

ይህ ታሪክ በስም ለይቶ መርዳት ከንቱ ነው የሚያሰኝ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በአንድ የክርስቲያን ድርጅት አማካይነት በስም ተለይተው የተረዱ ልጆችን በ6 አገሮች ተከታትሎ፣ ካልተረዱት ይልቅ ከአንድ ዓመት በላይ የሚበልጥ ትምህርት እንደተማሩ አሳይቷል። ልጅ የሚያስበው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ትምህርቱን የሚይዝበት አያያዝ ይለወጣል ለማለት ያስደፍራል።

በአገራችን ሕግ ይህን ሥራ የሚደግፍ ነገር አለ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ለማጠናከር በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ተከራካሪዎች ፈቅደው ሲቀርቡ ስለ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ ስለ ውርስና ስለ ወቅፍ እንዲታይ ፈቅዷል። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህም አነስተኛ ማኅበር ማስመዝገብ ከቀድሞው ቀሏል። እንግዲህ አባት የሞተበት ልጅ የአባቱ ሱቅ ወይም መሬት በዘመድ እጅ ባክኖ እንዳይቀር መከታተል ራሱ ከፋላ ነው። ብዙ ጊዜ ለልጁ በየወሩ የምናዋጣለት ብር፣ ከአባቱ የወረሰው ነገር ቢጠበቅለት ኖሮ ላያስፈልገው ይችል ነበር።

ስለዚህ እርስዎ ለአንድ አነስተኛ የየቲም ማኅበር ለመስጠት ሲያስቡ ሳያፍሩ የሚጠይቁት ነገር ይኑርዎ። የልጁን ቤት በዓይኑ ያየ ሰው በኮሚቴው ውስጥ አለን? እናቲቱ ደረሰኝ ላይ ትፈርማለችን? ፊርማ ባትችል በጣቷ አሻራ ማን ይመሰክርላታል? ልጁ ሰፈር ቢለቅ ወይም ቢሞት ለእርስዎ ማን ይነግርዎታል? ገንዘቡ ለዚህ ልጅ ነው ወይስ ለሁሉም ልጆች በጋራ ነው? ሁለቱም ይፈቀዳሉ፤ ነገር ግን የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይነገርዎ። ማኅበሩም በበኩሉ ልጁን በሕዝብ ፊት አቁሞ ዩኒፎርም የማልበስና ፎቶ የማንሣት ልማድ ካለው ቢተወው እመርጣለሁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃዕፈርን ልጆች ያቀፉት በእናታቸው ቤት ውስጥ ነበር።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የማብቂያው ቀን ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 6 የቲሙ ለጋብቻ ዕድሜ ሲደርስና አስተዋይነቱ ሲታይ ገንዘቡ እንዲሰጠው፣ ሲሰጠውም ምስክር እንዲቆም ያዛል። አብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ስሙን ከዝርዝር ሰርዘው ዝም ይላሉ። የተሻለው ግን ልጁንና እናቱን ጠርቶ፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው የገባውንና የወጣውን ሒሳብ በመዝገቡ ላይ እያሳዩ ማስረከብ ነው። መዝገቡም ከዚያ በኋላ በልጁ እጅ ቢቀር መልካም ነው።